ዐሥር ጣት፣ ሃምሳ ደጅ

በአሜሪካ ጉልበቱን ያስቀየረ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ከአልጋው ይነሣል። ወድዶ አይደለም፤ ያስነሡታል። አንድ ሰው መጥቶ ወገቡን በሰፊ ቀበቶ ይይዘዋል፣ ዎከሩን ከፊቱ ያቆምለታል፣ «መጀመሪያ ዎከሩን፣ ቀጥሎ የታመመውን እግር፣ ከዚያ ጤነኛውን» እያለ ያራምደዋል። በሽተኛው ያቃስታል፣ ይራገማል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ይመርቃል። ይህ መጀመሪያ የሚረገመውና በኋላ የሚመረቀው ሰው ብዙ ጊዜ ዋናው ፊዚካል ቴራፒስት ሳይሆን ረዳቱ ነው። ቴራፒስቱ መርምሮ ዕቅድ ያወጣል፤ ረዳቱ ዕቅዱን በእጁ ይሠራዋል። ከረዳቶቹም መካከል ተጓዥ የሚባሉ አሉ፤ አንድ ቦታ ሦስት ወር ሠርተው ሻንጣቸውን አንሥተው ወደሚቀጥለው ስቴት የሚያቀኑ። ጉልበት መቼም በሜሪላንድም በቴክሳስም የሚታጠፈው በአንድ በኩል ነው። ሕጉ ግን በዚህ አይስማማም። በሕጉ ዓይን ትናንት ሜሪላንድ ውስጥ ባለሙያ የነበረው ሰው ዛሬ የስቴቱን ወሰን ሲሻገር የሰው እግር መንካት የማይፈቀድለት መንገደኛ ይሆናል። ባለሙያነቱ እንዲመለስለት ከፈለገ አሻራውን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ ገንዘቡንና ትዕግሥቱን ይዞ አዲስ ደጅ ይጠናል።

ፈቃድ ይቅር የሚል የለም። አጥንቱ የተሰበረ ሽማግሌ ማንም ጉልበተኛ እየጎተተ ያራምደው የሚል ሰው ካለ የገዛ አባቱ ገና አልወደቀም ማለት ነው። ሙግቱ ፈቃድ አንዴ ይበቃል ወይስ በየወሰኑ ይደገም የሚለው ላይ ነው፤ ለዚያም ፈቃዱ ምን እንደሚመሰክር ማየት ያስፈልጋል። የፊዚካል ቴራፒስት ረዳት ለመሆን ሁለት ዓመት ገደማ የሚወስድ የኮሌጅ ትምህርት አለ፤ ትምህርት ቤቱም ለመላው አገር በሚሠራ አንድ አካል ዕውቅና የተሰጠው መሆን አለበት። ከዚያ ፈተና ይመጣል። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ፈቃድ የሚሰጡት የስቴት ቦርዶች ራሳቸው አባል የሆኑበት ፌዴሬሽን ነው፤ ቢሮውም ሐበሻ እንደ ልብ በሚገኝባት በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣል፣ ክፍያው 485 ዶላር ነው፣ ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ባለው መለኪያ ይቀመጣል፣ ማለፊያው 600 ነው። 600 በአላስካም 600 ነው፣ በፍሎሪዳም 600 ነው። በዓመት ከሦስት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ከስድስት ጊዜ በላይ መፈተን አይቻልም፤ ስድስት ጊዜ የወደቀ ሰው ስቴት ቢቀያይር አያመልጥም። እንግዲህ የትምህርቱ መለኪያ አንድ፣ ፈተናው አንድ፣ ማለፊያው አንድ። እስከዚህ ድረስ አሜሪካ አንድ አገር ናት። ሃምሳ የምትሆነው ገንዘብ ተቀባዩ መስኮት ጋ ስትደርሱ ነው።

መስኮቱ ብዙ ጊዜ ምን ይጠይቃል? አሻራ። የሰው አሻራ በእናቱ ማሕፀን ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው፤ ሰውየው ቢሰደድ አይለወጥም፣ ቢያገባ አይለወጥም፣ ሚሲሲፒን ቢሻገርም አይለወጥም። ሆኖም ረዳቱ ባለፈው ዓመት ለአንዱ ስቴት የሰጠው አሻራ ለሌላው አያገለግልም። ይህ የቦርድ ጸሐፊዎች ክፋት አይደለም። ስቴቶች ለፈቃድ ጉዳይ የኤፍቢአይን የወንጀል መዝገብ እንዲያዩ የፈቀደላቸው በ1972 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው፤ በዚያ መንገድ የተገኘን ውጤት ግን አንዱ ስቴት ለሌላው አያቀብልም። ስለዚህ ያው ጣት፣ ያው ኤፍቢአይ፣ ያው ንጹሕ መዝገብ፣ አዲስ ክፍያ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ላይቭ ስካን የሚባል የኤሌክትሮኒክ አሻራ መውሰጃ አላት፤ መሣሪያው ያለው ግን እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። በሌላ ስቴት ሆኖ የሚያመለክት ሰው ወይ እዚያ ድረስ ይሄዳል፣ ወይ አሻራውን ካርድ ላይ አሳትሞ ይልካል። የሲሊከን ቫሊ አገር ካርድ በፖስታ ትጠብቃለች። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። የቴራፒ ሰው እጅ ቀኑን ሙሉ ይታጠባል፣ ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ በተሻገረ ቁጥር በአልኮል ይታሻል፤ የጣቱ መስመር እየሳሳ ይሄዳል። ብዙ የሠራ እጅ ደብዛዛ አሻራ ይሰጣል፣ ደብዛዛ አሻራ አልተነበበም ተብሎ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ከተመለሰ መዝገቡ በስም እንዲፈለግ መጠየቅ ይቻላል፤ የእኛ ሰው ጉድ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ስሙ በፓስፖርቱ በአንድ ኤስ፣ በዲፕሎማው በሁለት ኤስ ተጽፏል። የአያቱ ስም አንዱ ወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም ሆኗል፣ ሌላው ላይ የመካከል ስም፣ ሦስተኛው ላይ ጭራሽ የለም። ኮምፒዩተሩ ሦስት ሰው ያያል። ሦስቱም ንጹሐን ናቸው፤ ግን ሦስት ናቸው።

ከአሻራው የሚብሰው የማረጋገጫ ደብዳቤው ነው። አመልካቹ ከዚህ በፊት ፈቃድ የያዘበት ስቴት ሁሉ «አዎ፣ የእኛ ነበር፣ ጥፋት የለበትም» ብሎ በቀጥታ ለአዲሱ ቦርድ እንዲያሳውቅ ይጠየቃል። ሁሉ ሲባል ሁሉ ነው፤ ጊዜው ካለፈ የቆየ ፈቃድ ሳይቀር የሚጠይቁ ቦርዶች ብዙ ናቸው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው ዓይነት ቆጠራ መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ፣ የእኛው ሰባት ላይ ይቆማል። እንግዲህ አስቡት። ትናንት ከኮሌጅ የወጣ፣ አንድም በሽተኛ በራሱ ኃላፊነት አስነሥቶ የማያውቅ ልጅ የሚቆጠርበት ቤት የለውም፤ ማመልከቻው ቀጭን ነው፣ ፋይሉ ቶሎ ያልቃል። በስምንት ስቴት ሠርቶ በስምንቱም ቅሬታ ያልቀረበበት አንጋፋ ግን ስምንት ደብዳቤ ይጠብቃል፤ አንዱ ከዘገየ ሰባቱ ቢደርሱም አይረቡትም። ሌላው ሰው ልምድ ብሎ በሥራ ማመልከቻው አናት ላይ የሚጽፈው ነገር እዚህ ደጅ ላይ ዕዳ ነው። መንግሥት ብዙ ያየውን ሰው ምንም ካላየው አብልጦ የሚጠረጥርበት ሥራ ሌላ ቢኖር ስለላ ብቻ ነው።

ይህን ያመጣው ማን ነው ቢባል፣ በተንኮል ያመጣው የለም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለፌዴራሉ መንግሥት ያልሰጠውን ሥልጣን ለስቴቶች ይተዋል፤ የሕዝብን ጤና መጠበቅም ከስቴቶቹ ድርሻ ነው። ፍራንክ ዴንት የሚባል የዌስት ቨርጂኒያ ሐኪም ለዓመታት ሲያክም ከኖረ በኋላ ስቴቱ የሚቀበለው ዲፕሎማ የለህም ተብሎ ተከሰሰ፣ 50 ዶላር ተቀጣ፣ ነገሩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰው። ፍርድ ቤቱ በ1889 ለስቴቱ ፈረደ፤ የሙያ ፈቃድ የስቴት ጉዳይ ሆኖ ጸና። በፊዚካል ቴራፒ በኩል ቀዳሚዋ ሕግ አውጪ ፔንሲልቬኒያ ናት፤ በ1913። የረዳቱ ሙያ ገና ወጣት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት በ1967፣ የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች የወጡት በ1969 ነው። (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው፤ የፈረንጅን ውጥንቅጥ በእኛ አቆጣጠር ማስላት ለማንም አይበጅም።) በዴንት ዘመን አሠራሩ ትርጉም ነበረው። አገር አቀፍ ፈተና አልነበረም፣ ዲፕሎማ እንደ ሸቀጥ የሚሸጡ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፣ ዌስት ቨርጂኒያ የኦሃዮን ወረቀት የማታምንበት በቂ ምክንያት ነበራት። ዛሬ ሁሉም በአንድ ፈተና ከገቡ በኋላ ያ ምክንያት ሞቷል። ወረቀት ግን ምክንያቱ ሲሞት አብሮ አይቀበርም፤ ይራባል እንጂ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የስቴት ፈቃድ የሚያስፈልገው ሠራተኛ ከመቶ አምስት ገደማ ነበር፤ ዋይት ሀውስ በ2015 ባወጣው ሪፖርት ግን ከአራት ሠራተኞች ከአንድ በላይ ሥራውን ለመሥራት ፈቃድ ይሻል። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ በአንድ ስቴት ተቀምጠው ይሠራሉና የሚቆጠቁጣቸው አንድ ጊዜ ነው። ተጓዡን ግን በየሦስት ወሩ።

የተጓዥ ኮንትራት እንደ ልማዱ 13 ሳምንት ነው። የሚጠራውም ሰው የጎደለበት ቦታ ነው፤ አንዷ ረዳት የወሊድ ፈቃድ ወጥታለች፣ ወይም አንድ የገጠር ሆስፒታል ማስታወቂያ ለጥፎ አመልካች አጥቷል፣ ወይም ብርድ ሸሽተው ፍሎሪዳ የወረዱ አረጋውያን የመልሶ ማገገሚያውን አጣብበዋል። ጉድለቱ የአሁን ነው፤ ፈቃዱ ግን እንደየስቴቱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ተጓዡን ከሥራ የሚያገናኘው ኤጀንሲ ሪክሩተር ፈቃድ በእጁ ያለ ሰው ይፈልጋል። ረዳቱም ኮንትራት ሳይኖረው፣ ይመጣል ብሎ ለሚገምተው ሥራ ከኪሱ ከፍሎ ያመለክታል። ኤጀንሲው ወጪውን የሚመልስለት ብዙ ጊዜ ሥራውን በእሱ በኩል ከያዘ ነው፤ ስለዚህ በመሳቢያው ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሠርቶበት የማያውቀው ስቴት ፈቃድ የተኛበት ተጓዥ ጥቂት አይደለም። በተቃራኒው ኮንትራቱን ይዞ ማመልከት ከጀመረ፣ ፈቃዱ ሲደርስ ወላዷ ሕፃኑን ለአያቱ ሰጥታ ሥራ ገብታለች። ከዚህ ሁሉ መሐል ማንም ቅጽ ያልሰጠው ሰው አልጋው ላይ ያለው በሽተኛ ነው። የተቀየረ ጉልበት የቦርድ ስብሰባ አይጠብቅም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልታጠፈ ይደርቃል፣ ከደረቀ ደግሞ መልሶ ለማጠፍ ሌላ ስቃይ ነው። ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል የዘገየው ፈቃድ ሕዝቡን አልጋ ላይ አቆየው ማለት ነው።

ማውጣቱን እንደ ምንም ተወጣነው እንበል፤ ማደስ አለ። ካሊፎርኒያ በየሁለት ዓመቱ በተወለድክበት ወር መጨረሻ ትላለች። ቴክሳስም በልደት ወር ታድሳለች። ፍሎሪዳ የአንተን ልደት አታውቅም፤ ሁሉንም በአንድ ላይ በየሁለት ዓመቱ ኖቬምበር 30 ትሰበስባለች። ኒውዮርክ ሦስት ዓመት ትሰጣለች። አራት አምስት ፈቃድ የያዘ ሰው የእድሳት ቀኑን ለማወቅ ባሕረ ሐሳብ መማር ሳያስፈልገው አይቀርም። በስደት ካምፕ የተወለደበት ቀን ጠፍቶ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈለት ወገናችን ደግሞ እናቱ በክረምት፣ ዝናብ ሲጥል ነው የወለድኩህ ብትለውም፣ ካሊፎርኒያ በጃንዋሪ ተወልደሃል ብላ በጃንዋሪ ታስከፍለዋለች። ከገንዘቡ ጋር የተከታታይ ትምህርት ሰዓት ይጠየቃል። ካሊፎርኒያ በሁለት ዓመት 30 ሰዓት፣ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ሕግ፣ አራቱ ስለ ነፍስ አድን እርዳታ። ፍሎሪዳ በሁለት ዓመት 24፣ ሁለቱ ስለ ሕክምና ስሕተት። ኒውዮርክ በሦስት ዓመት 36። ቴክሳስ ለረዳት በሁለት ዓመት 20፤ ሕጓን የሚጠይቀውን ፈተና ግን ለእድሳትም ታስፈትናለች፣ በሰው የመነገድን ወንጀል ለይቶ ስለማወቅ የተዘጋጀ ኮርስም ትጨምራለች። ዋሽንግተን ስቴት ራስን ስለ ማጥፋት አደጋ የሚያስተምር ኮርስ ትጠይቃለች። አንድ በአንድ ሲታዩ ክፉ የሚባል የለባቸውም። ራስን ስለ ማጥፋት ምልክት ማወቅ የሚጠቅመው በዋሽንግተን ብቻ ነው ወይ? የሚጠቅም ከሆነ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ለሁሉም የሚጠቅም ከሆነ አንዴ ተምሮ በሁሉም ዘንድ መቆጠር ነበረበት። አሠራሩ ግን ያንን አይፈቅድም፤ አንዱ ስቴት ያጸደቀውን ኮርስ ሌላው አያውቀውም፣ አንዱ የሚቆጥረውን ሰዓት ሌላው ይጥለዋል። ተጓዡም ስለ ሕክምና ስሕተት ያው ትምህርት በሌላ ድምፅ ሲነበብለት፣ በኮምፒዩተሩ ጥግ ያለው ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ቡናውን ያፈላል። ሰዓት የሚለካው መቀመጥን ነው። የሚፈለገው ግን ሽማግሌው ሊወድቅ ሲንገዳገድ ቀበቶውን በጊዜ የሚይዝ እጅ ነው፤ እሱን የሚለካ እድሳት በሃምሳውም የለም።

እዚህ ላይ ለቦርዶቹ የሚከራከር ሰው እጁን ያወጣል፤ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። «ሕጋችን ይለያያል» ይላል። እውነቱን ነው። በአንዱ ስቴት ረዳቱ ሲሠራ ቴራፒስቱ በስልክ ቢገኝ ይበቃል፤ በሌላው እዚያው ግቢ መሆን አለበት። መገጣጠሚያን በእጅ የማፍታታት ዓይነት ሥራ አንዱ ጋ ለረዳት የተፈቀደ፣ ሌላው ጋ የተከለከለ ነው። ይህን ሳያውቅ በሽተኛ የሚይዝ ሰው በእርግጥ አደጋ ነው። ግን ሕግ አያውቅም የተባለ ሰው መድኃኒቱ ሕግ መጠየቅ ነው፤ ጣቱን መልሶ ቀለም መንከር ሕግ አያስተምረውም። የሕግ ፈተናውም ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ አላቸው፣ የቴክሳሱ እንዲያውም መጽሐፍ ተገልጦ የሚሠራ ነው። የመንገድ ሕግም እኮ ይለያያል። የፖሊስን ራዳር የሚጠቁም መሣሪያ መኪና ላይ መግጠም በሜሪላንድ ይቻላል፣ በቨርጂኒያ ክልክል ነው፤ ሆኖም ፖቶማክን ሲሻገር ድልድዩ ላይ አቁመው አዲስ መንጃ ፈቃድ አውጣ የሚሉት ሹፌር የለም፤ መኪና ደግሞ ከፊዚካል ቴራፒ ረዳት ይልቅ ብዙ ሰው ይገድላል። ከዚህ የሚጠነክር ማስረጃም አለ። እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ በግል ክሊኒክ ለሚሰጥ ሕክምና የአረጋውያኑ የፌዴራል የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ የሚከፍለው ረዳቱ ሲሠራ ቴራፒስቱ እዚያው ከተገኘ ነበር፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ መገኘቱን ትቶ በሩቅ መቆጣጠርን ተቀበለ። በአንድ ሌሊት ደንቡ በግል ክሊኒክ ረዳቶች ሁሉ ላይ ተለወጠ። አሻራ የተጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም አዲሱን ደንብ አንብቦ በማግስቱ ሥራው ገባ። ሕጉ ወደ ሰውየው ሲመጣ ማንበብ ከበቃ፣ ሰውየው ወደ ሕጉ ሲሄድ ምን ተገኘና ነው ስምንት ደብዳቤ የሚያስፈልገው?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «አንዱ ስቴት ያባረረውን አጥፊ ሌላው ሳያውቅ ቢቀበለውስ?» እንዲህ ያለ ነገር በሕክምናው ዓለም ደርሷል፤ ቀላል ስጋት አይደለም። ለዚህም ነው በ1990 ሥራ የጀመረ ብሔራዊ የባለሙያዎች የመረጃ ቋት የተቋቋመው፤ በፈቃድ ላይ የሚወሰድ እርምጃ ዛሬ እዚያ ይገባል፣ ቦርዶችም አይተው መወሰን ይችላሉ። የደብዳቤው ቆጠራ ግን ሌባውን የመያዝ ኃይሉ ሲመረመር ያስቃል። የት የት ፈቃድ እንደ ነበረው የሚዘረዝረው ማን ነው? አመልካቹ ራሱ። ሐቀኛው ስምንቱንም ይጽፋል፣ ስምንት ደብዳቤ ይጠብቃል። አጥፊው የተባረረበትን ትቶ ሰባት ይጽፋል፤ በአንድ ደብዳቤ ቀድሞ ይጨርሳል። አጥፊው የሚያዘው በመረጃ ቋቱ ነው፤ ደብዳቤው የሚያዘገየው ሐቀኛውን ነው። እንዲህ ከሆነ ደብዳቤው ለምን እንደሚቀጥል ለማስረዳት ከደኅንነት ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ይላል።

ሌላው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ እሱንም በሐቀኝነት ቢናገሩት ነውር የለበትም። ቦርድ ጸሐፊ አለው፣ መርማሪ አለው፣ ቅሬታ ሲመጣ የሚያየው ጠበቃ አለው፤ የሚተዳደረው በአብዛኛው ባለሙያው በሚከፍለው ነው። ይከፈል። ግን የሥራው ዋጋ ሲወርድ ማንም ለረዳቱ አላዘነለትም፤ ከ2022 ጀምሮ ሜዲኬር ረዳት ለሚሰጠው የተመላላሽ ሕክምና የሚከፍለው ከመደበኛው ዋጋ 85 በመቶውን ነው። አሻራ ሲሰጥ ስምንት ጣት ተኩል ይበቃሃል ያለው ግን የለም።

እንዲያው ሲማረሩ መኖር ብቻ እንዳይመስል፣ መውጫው ተጀምሯል። የፊዚካል ቴራፒ ኮምፓክት የሚባል የስቴቶች ስምምነት አለ፤ በ2017 ዐሥር ስቴቶች በሕግ ሲያጸድቁት ጸና፣ በ2018 የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ሥራ ጀመሩበት። አሠራሩ ቀላል ነው። ረዳቱ መኖሪያው በሆነው ስቴት አንድ ሙሉ ፈቃድ ይይዛል፤ መኖሪያው የት እንደ ሆነ የሚመሰክርለት መንጃ ፈቃዱ ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከቅጣት ነጻ ከሆነ፣ በሌላ አባል ስቴት ለመሥራት ለኮምፓክቱ 45 ዶላር፣ ለስቴቱም የራሱን ክፍያ ይከፍላል፤ የስቴቱን ሕግ የሚጠይቅ ፈተና ካለ ይፈተናል፤ ፈቃዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሰዋል። የተከታታይ ትምህርቱም ሰዓት የሚቆጠረው በመኖሪያው ስቴት ብቻ ነው። ወራት ይፈጅ የነበረ ነገር በደቂቃ መሆኑ ከክርክሩ ሁሉ የበለጠ ይናገራል፤ ያ ሁሉ ወር ለምርመራ ያስፈልግ ከነበረ አሁን ምርመራው ወዴት ሄደ? ጥቅሙን በዓይን ለማየት ሲልቨር ስፕሪንግ መውረድ ነው። ኢስተርን አቬኑ አንደኛው ዳር ዋሽንግተን ዲሲ ነው፣ ሌላኛው ዳር ሜሪላንድ፤ ቤት ለቤት የሚሠራ ረዳት ከአንድ አረጋዊ ወደ ሌላው ሲሄድ አስፋልት በማቋረጡ ብቻ ሕጉ ይለወጥበት ነበር። ከሰዓት በኋላ አሌክሳንድሪያ ካለው ሦስተኛ ሕግ። ዛሬ ሦስቱም የኮምፓክቱ አባላት ናቸው፤ በአካባቢው ላለው ወገናችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሆኖም ኮምፓክቱ ግማሽ መንገድ ነው። ነርሶች ከ2000 ጀምሮ ባላቸው ስምምነት አንዱ ፈቃድ በአባል ስቴቶች ሁሉ ይሠራል፤ የቴራፒው ግን በየስቴቱ እየከፈሉ የሚገዙት ነው። ከዚህ የሚከፋው የመኖሪያው ነገር ነው። ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ኮምፓክቱን አልፈረሙም። መኖሪያው ፊኒክስ የሆነ ረዳት የአባል ስቴት ሰው ነውና ዛሬ አመልክቶ ቴክሳስ ይሠራል። መኖሪያው ሎስ አንጀለስ የሆነው፣ በዚያው ፈተና ከእሱ አብልጦ ያመጣ፣ ምንም ቅጣት የሌለበት፣ ኮምፓክቱን መጠቀም አይችልም፤ ለቴክሳስም ለሜሪላንድም አሮጌውን ደጅ ይጠናል። ጥፋቱ ቤት የተከራየበት ቦታ ነው።

ካሊፎርኒያ የኦክላሆማን ወይም የጆርጂያን ሰው አላምንም የማለት መብት አላት እንበል። ፍርሃቷ እውነተኛ ከሆነ ግን በገዛ ከተማዋ ውስጥ የሚሆነውን ታስረዳ። የፌዴራሉ የአርበኞች ሆስፒታል የሚቀበለው ከየትኛውም ስቴት የተሰጠ ሙሉ ፈቃድ ነው። የጆርጂያ ፈቃድ የያዘ ረዳት ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የአርበኞች ሆስፒታል ተቀጥሮ፣ አገሪቱ ጀግኖቼ የምትላቸውን አረጋውያን ጠዋት ማታ ያራምዳል፤ በዚያው ከተማ ባለ የግል ሆስፒታል ግን የአንድ ሰው ካልሲ ማስተካከል አይችልም። በጃንዋሪ 2023 የወጣ የፌዴራል ሕግም ወታደርና የወታደር የትዳር ጓደኛ በትእዛዝ ሲዛወሩ የሙያ ፈቃዳቸው አብሯቸው እንዲሄድ ፈቅዷል። አሪዞና ደግሞ በ2019 ወደ እሷ ለሚመጡ አዲስ ነዋሪዎች የሌላ ስቴት ፈቃድ የምትቀበልበትን አጠቃላይ ሕግ ከሁሉ ቀድማ አወጣች፤ ከዚያ ወዲህ የአሪዞና ሰው ከሌላው ይልቅ አነከሰ ያለ የለም። ለአርበኛው ጉልበት የሚበቃ ፈቃድ ለጎረቤቱም ጉልበት ይበቃል።

ስለዚህ በሎስ አንጀለስ፣ በኦክላንድ፣ በኒውዮርክ ያላችሁ አንባቢዎች፣ የቴራፒ ባለሙያ ሆናችሁም አልሆናችሁ፣ አንድ ቀን ጉልበት ወይም ዳሌ ማስቀየራችሁ አይቀርምና ለስቴታችሁ ምክር ቤት አባል ጻፉ። የምትጠይቁት ፈተናው ይቅለል ወይም ቁጥጥሩ ይላላ አይደለም፤ ስቴታችሁ ኮምፓክቱን ይፈርም ነው። ደብዳቤው ክፍያ የለበትም፣ ኖተሪም አያስፈልገውም።